ኦቲስ ሬዲንግ የሌለበት 1966

ሰሞኑን አንድ የሙዚቃ ጸሐፊ በ1966 ከወጡት አልበሞች የሚወዷቸውን አሥሩን በደረጃ አስቀምጠው አስነብበውናል። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከታኅሣሥ 1958 መገባደጃ እስከ ታኅሣሥ 1959 ያለው ጊዜ መሆኑ ነው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ እያለኝ፣ ምክንያቱም ስለነዚህ ሸክላዎች በአማርኛ ቁም ነገር ብሎ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ሁለተኛውን ግን እስክሪብቶ ይዤ ነበር፤ ስጨርስ የወረቀቱ ጠርዝ በማስታወሻ ሞልቷል።

ደረጃቸው እንዲህ ነው። አንደኛ የቢትልስ ሪቮልቨር፣ ሁለተኛ የሙላቱ አስታጥቄ አፍሮ ላቲን ሶል፣ ሦስተኛ የቦብ ዲላን ብሎንድ ኦን ብሎንድ፣ አራተኛ የሮሊንግ ስቶንስ አፍተርማዝ፣ አምስተኛ የፍራንክ ዛፓና የባንዱ ፍሪክ አውት፣ ስድስተኛ የቢች ቦይስ ፔት ሳውንድስ። ከሰባት እስከ አሥር በርድስ፣ ኪንክስ፣ ሲሞንና ጋርፈንከል፣ በመጨረሻም ጆን ሜዮል ከኤሪክ ክላፕተን ጋር ተቀምጠዋል። ከጥቁር አሜሪካውያን የወጣው የሶል ሙዚቃ አንድም የለም፤ የሶል ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግም የለም። ጃዝም ሌላ ዘርፍ ነው ተብሎ ከበሩ ተመልሷል።

በቁጥሩ አልነታረክም። አንዱ ሦስተኛ ያለውን ሌላው ሰባተኛ ቢለው ምን ይደረጋል፣ ጆሮ የየራስ ነው። እኔን የከነከነኝ የመዘኑበት ሚዛን ነው። አንዱን ያስቀደሙት መጀመሪያ ስለሠራው፣ ሌላውን ያወረዱት ስላልተሸጠ፣ ሦስተኛውን ከፍ ያደረጉት የእኛ ሰው ስለሆነ ነው። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ቦታ ያገኘው ጥቂት ነው። ያነሷቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተላቸው ልመልስ።

በሪቮልቨር ልጀምር። ጸሐፊው አልበሙን አንደኛ ካሉ በኋላ በዚያ ዓመት ጆን ሌኖን ደክሞ ነበር፣ ያዋጣው ሁለት ዘፈን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሸክላው በዋናነት የፖል ማካርትኒ ነው ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ከየት እንደመጣም ይታወቃል። ሪቮልቨር በእንግሊዝ ነሐሴ 5 ቀን 1966 ሲወጣ አሥራ አራት ዘፈኖች ነበሩት። አሜሪካ የወጣው ግን አሥራ አንድ ብቻ ይዞ ነው። የአሜሪካው አሳታሚ ካፒቶል ሦስቱን ዘፈኖች ከጥቂት ሳምንታት በፊት በሌላ ሸክላ ላይ አውጥቷቸው ነበር፤ ሦስቱም የሌኖን ነበሩ። አይም ኦንሊ ስሊፒንግ፣ አንድ ዩር በርድ ካን ሲንግ እና ዶክተር ሮበርት። ሲቀነሱ በእርግጥ ሁለት ዘፈን ብቻ ይተርፉታል። በተሟላው እትም አምስት አለው።

ጸሐፊው የሰሙት እንግዲህ የአሜሪካውን ነው። በዚህ አልወቅሳቸውም። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ከዚያው እትም የገለበጠውን ካሴት ነበር፤ እኔም ለዓመታት እንደርሳቸው አምኜ ኖሬያለሁ። ከ1987 ጀምሮ በሲዲ የወጣው የእንግሊዙ ቅጂ በመላው ዓለም መደበኛ ሲሆን ነው ብዙዎቻችን የተሟላውን ያገኘነው። የአይም ኦንሊ ስሊፒንግን ጊታር ጆርጅ ሀሪሰን ቴፑ ወደ ኋላ ሲሄድ እንዲሰማ አድርጎ ነው የተጫወተው፤ ድምፁ እንቅልፍ የያዘው ሰው ሲያዛጋ ይመስላል። ያንን ሳይሰሙ ሌኖን ደክሞ ነበር ብሎ መፍረድ ምስክሩን ሳይሰሙ መበየን ነው። ሦስቱ ዘፈኖች ሲመለሱ የሸክላው ሚዛን ራሱ ይለወጣል። ኤሊኖር ሪግቢ ላይ ስምንት የክር መሣሪያዎች ብቻቸውን ከዘፋኙ ኋላ ሲቆሙ የሚሰማው ብርድ የሚጎላው፣ ወዲያው የሌኖን ሙቀት ያለው ድብታ ሲከተለው ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ስቱዲዮን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ የተጠቀመ የመጀመሪያው አልበም ሪቮልቨር ነው የሚል ነው። ለዚህም ቱሞሮው ኔቨር ኖውስን ይጠቅሳሉ። ዘፈኑ በእውነት ድንቅ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1966 ቢትልሶች ለአልበሙ መጀመሪያ ሊቀርጹት ሲገቡ የቀረጻ ባለሙያው ጄፍ ኤመሪክ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። የሌኖንን ድምፅ ለኦርጋን በሚያገለግል የሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ አሳለፈው፤ በየቤታቸው የቆራረጧቸውን የቴፕ ቀለበቶች ደግሞ በየማሽኑ እያዞሩ ቀላቀሏቸው። ግን ያ ቀን ሲደርስ የቢች ቦይስ መሪ ብራያን ዊልሰን ሆሊውድ ውስጥ ለወራት ይህንኑ ሲሠራ ቆይቶ ነበር። ፔት ሳውንድስ ግንቦት 16 ቀን 1966 ወጣ፤ ከሪቮልቨር ወደ ሦስት ወር ገደማ ቀድሞ። ቅደም ተከተል ከተቆጠረ ጸሐፊው በራሳቸው ሚዛን ተሸንፈዋል።

እኔ ግን ብራያን ዊልሰን ስለቀደመ ብልጫ አለው አልልም። እርሱ ራሱ የተነሣው የቢትልስን ራበር ሶል በ1965 መጨረሻ ሰምቶ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደካማ ዘፈን የሌለበት ሸክላ ለመሥራት ቆርጦ ነው። የባንዱ አባል ብሩስ ጆንስተን ደግሞ ፔት ሳውንድስን በግንቦት ለንደን ወስዶ ለሌኖንና ለማካርትኒ አሰማቸው። ማካርትኒ በሰኔ የተቀረጸውን ሂር ዜር ኤንድ ኤቭሪዌርን ሲሠራ ያ ሸክላ በጆሮው እንደነበረ ደጋግሞ ተናግሯል። ባሕር ተሻግረው የሚነጋገሩ ሁለት ወገኖች ናቸው፤ እንዲህ ባለ ጭውውት ውስጥ መጀመሪያ የተናገረውን እየፈለጉ ሽልማት መስጠት ጭውውቱን አለመስማት ነው።

ጸሐፊው ፔት ሳውንድስን ስድስተኛ ያደረጉበት ሌላው ምክንያት አለመሸጡ ነው። ከስሮ የቀረ ሙከራ ብለውታል። በአሜሪካ ሠንጠረዥ አሥረኛ፣ በእንግሊዝ ሁለተኛ የደረሰ ሸክላ ከሰረ አይባልም። ካፒቶል ራሱ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው የባንዱን የቆዩ ዘፈኖች የሰበሰበ ሌላ አልበም በላዩ ላይ አውጥቶ ገበያውን መሻማቱንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ደግሞስ ሽያጭ ከተቆጠረ የ1966 አንደኛ ማን ሊሆን ነው? በዚያ ዓመት ባሪ ሳድለር የሚባል የአሜሪካ ልዩ ኃይል ሳጅን ስለ ጓደኞቹ ወታደሮች የዘፈነው አልበም ለሳምንታት በአንደኛነት ተቀምጦ ነበር። ጸሐፊው ስሙን እንኳ አላነሱትም፤ ልክም ናቸው።

የፔት ሳውንድስ ዘፈኖች የልጆች የፍቅር ዘፈን ናቸው የሚለውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ጎድ ኦንሊ ኖውስ የሚጀምረው አፍቃሪው ሁልጊዜ ላይወዳት እንደሚችል ለራሷ በመንገር ነው። እንዲህ የሚጀምር የፍቅር ዘፈን የልጅ ሥራ ነው? የብራያን ወንድም ካርል ዊልሰን የሚዘፍነው ድምፁን ሳያነሳ፣ ነፍሱን ይዞ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ድምፆች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ ሲሽከረከሩ ማን እንደጀመረ ማን እንደሚጨርስ ይጠፋል። ግጥሞቹን ቶኒ አሸር ከብራያን ጋር ተቀምጦ ነው የጻፋቸው፤ ብራያን ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከአልበሙ መጀመሪያ ላይ አብረን ባረጀን የሚል ምኞት አለ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የምትወደድ ልጅ ጸጉሯን ተቆርጣ፣ ተለውጣ ትገኛለች። ከዚያ ባቡር ያልፋል፣ ሁለት ውሾች ይጮሃሉ፣ ያልቃል። ድምፁ በአንድ መስመር የተቀላቀለ ስለሆነ የታፈነ ነው ለሚለው ቅሬታም መልስ አለ፤ ብራያን በቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። ሁሉንም ነገር በአንድ ጆሮ ሰምቶ በአንድ መስመር አዋሐደው። እኔ ከዚያ ውስጥ የታፈነ ነገር አልሰማሁም።

ዲላንን ሦስተኛ ማድረጋቸው ብዙ አያጣላንም። የሚያጣላን ምክንያታቸው ነው። ብሎንድ ኦን ብሎንድ ግጥም ነው፣ ሙዚቃው ተሸካሚ ብቻ ነው ይላሉ፤ ከቅኔያችን ጋርም ያመሳስሉታል። ቅኔ ግን በቤተ ክርስቲያን ከዜማው ተለይቶ አይቀርብም፤ ባለ ቅኔው ሲቀኝ የዜማውን ልክ ይዞ ነው። ዲላንም እንዲሁ ነው። ጥር ላይ ኒውዮርክ ውስጥ ሞክሮ፣ ከዚያ ሁሉ ቀረጻ ለአልበሙ የተረፈው አንድ ዘፈን ነው። ግጥም ብቻ ቢሆን የፈለገው ኒውዮርክ በበቃው ነበር። በየካቲትና በመጋቢት ናሽቪል ወርዶ እነ ቻርሊ ማኮይንና ኬኒ በትሪን፣ በቀን ሦስት አራት ዘፈን ሰዓት ቆጥረው የሚቀርጹትን የሀገረሰብ ሙዚቀኞች፣ ፈልጎ አገኘ።

ሳድ አይድ ሌዲን ሲቀርጹ የሆነው ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ዲላን ግጥሙን እስኪጨርስ ሙዚቀኞቹ ካርታ እየተጫወቱ ለሰዓታት ጠበቁ፤ ቀረጻው የተጀመረው ሊነጋጋ ሲል ነው። የዘፈኑን ርዝመት የነገራቸው አልነበረም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው ብለው እያንዳንዱ አዝማች ሲመጣ መጨረሻው ደረሰ እያሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እርሱ ደግሞ ወደ ሌላ ስንኝ ይሄዳል። እንዲህ እየወጡ እየወረዱ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ ሄዱ፤ ዘፈኑ የአልበሙን አራተኛ ገጽ ብቻውን ሞላ። ያ እየተነሣ የሚመለስ ማዕበል በግጥሙ ወረቀት ላይ የለም፤ የከበሮ መቺው እጅ ላይ ነው። ዲላን ራሱ በ1978 በሰጠው ቃለ መጠይቅ በአእምሮው ከሚሰማው ድምፅ ጋር በጣም የተቀራረበው በዚህ አልበም እንደሆነ ተናግሯል። ስለ ድምፅ ነበር የሚያወራው።

ስለ አፍተርማዝና ስለ ፍሪክ አውት አጭር ነኝ። አፍተርማዝ ሁሉም ዘፈኖች የጃገርና የሪቻርድስ ድርሰት የሆኑበት የመጀመሪያው የስቶንስ አልበም ነው ማለታቸው ልክ ነው። የብራያን ጆንስ ማሪምባ፣ በመዶሻ የሚመታው የእንጨት መሣሪያ፣ አንደር ማይ ተምብ የተባለውን ዘፈን እንደሚሸከመውም እስማማለሁ። ግጥሙ ሴትን እንደ ለማዳ ውሻ የሚያይ መሆኑ ግን ለእኔ ከአራተኛነት ያወርደዋል፤ ጸሐፊው ይህንን ሳያነሱት አልፈዋል። ፔይንት ኢት ብላክ አልበሙን እንደሚከፍት ሲያደንቁ ደግሞ አሁንም የአሜሪካውን እትም ይዘዋል፤ በእንግሊዙ ላይ ዘፈኑ የለም። ፍሪክ አውት ደፋር ነው፤ እኔ ግን ከማድነቅ አልፌ ልወደው አልቻልኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጸሐፊው የሶል ሙዚቃን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስወጥተውታል። ሶል የነጠላ ሸክላ ንግድ ነበር፣ አልበሞቹ በሁለት ታዋቂ ዘፈን ዙሪያ የተሞሉ ማሟያዎች ናቸው ብለዋል። ስለ አንዳንዶቹ እውነት ነው። ግን በዚያው በ1966 ጥቅምት ወር ሪቮልቨርን ከአሜሪካ አንደኛነት ያወረደው የሱፕሪምስ አልበም ነበር፤ የሴቶች ቡድን በአልበም ሠንጠረዥ አናት ላይ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ያንን አልበም እኔም ከአሥሩ አላስገባውም፣ አብዛኛው የሌሎች ዘፈን ነውና። ሕዝቡ ግን የሶል አልበም እንደማይገዛ ተደርጎ የቀረበው ትክክል አይደለም።

ቢትልሶች ራሳቸው ሶልን እንዴት ያዩት ነበር? ሪቮልቨር ሊጀመር ሲል፣ በመጋቢት 1966፣ ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ሜምፊስ ድረስ ሄዶ በሶል ሙዚቃ ቤቱ በስታክስ ስቱዲዮ እንዲቀርጹ ለማመቻቸት ሞክሯል። ጉዳዩ ሳይሳካ ቀረና በለንደን ቀረጹ። በጎት ቱ ጌት ዩ ኢንቱ ማይ ላይፍ ላይ የሚሰሙት ሦስት መለከቶችና ሁለት ሳክስፎኖች ግን የሜምፊስ ናፍቆት ናቸው። ጸሐፊው አንደኛ ያሉት አልበም ዓይኑን የጣለበትን ቤት እርሳቸው ከዝርዝሩ አወጡት።

በዚያ ቤት ውስጥ በጥቅምት 1966 የኦቲስ ሬዲንግ ዲክሽነሪ ኦፍ ሶል ወጣ። አሥራ ሁለት ዘፈን ነው። ሽፋኑ ላይ ኦቲስ የምረቃ ጋዋንና ቆብ አድርጎ ይታያል። በሙዚቃው ከኋላው የሚያጅቡት እነ ቡከር ቲ፣ ስቲቭ ክሮፐር፣ ዶናልድ ደክ ደንና አል ጃክሰን ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ አብረው የሚሠሩበት ባንድ፣ ዘርን በሚለያየው ደቡብ ውስጥ። የማሟያ ዘፈን የቱ ነው? ቴነሲ ዋልዝ የነጮች የሀገረሰብ ዘፈን ነበር፤ ኦቲስ ወስዶ የራሱ ሐዘን አደረገው። የቢትልስን ዴይ ትሪፐር ደግሞ ቀዳዶ እንደገና ሰፋው። ለባሕር ማዶው ጭውውት ከሜምፊስ የተላከ መልስ ማለት ነው፤ ጸሐፊው ያልሰሙት ሦስተኛው ተናጋሪ።

ስለ ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ ግን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ። ዘፈኑ በ1932 የተቀረጸ የቆየ የሳሎን ዘፈን ነው። ከኦቲስ በፊት ብዙዎች ሱፍ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ቀብተው ዘፍነውታል። እርሱ ሲጀምር የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በዝግታ በር ይከፍቱለታል። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ይለምናል። ከዚያ አል ጃክሰን የከበሮውን ጠርዝ ልክ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማድረግ ይጀምራል። ዘፈኑ ገና ቀርፋፋ ነው፤ ሰዓቱ ግን መፍጠኑን ቀድሞ ያወራል። ኦርጋኑ ይገባል፣ ጊታሩ ይገባል፣ የትንፋሹ ክፍል ይመለሳል። መጨረሻው ላይ ኦቲስ ቃል ትቶ ቁርጥራጭ ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ ባንዱ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ይረግጣል።

ማኅሌት ቆሞ ያደገ ሰው ይህን አካሄድ ያውቀዋል። በቁም ዜማ ይጀመራል፣ ዝማሜው በመቋሚያ ይከተላል፣ ከበሮው በመረግድ ይገባል፣ በጽፋት ጭብጨባው ይፋጠናል። ቅዱሱን ከዓለማዊው ማስተካከሌ አይደለም። ጆሮዬ ከዝግታ ተነሥቶ የሚግል ነገር መውደድን የተማረው እዚያ ስለሆነ ነው የማነሣው። ኦቲስም በሜከን፣ ጆርጂያ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነው የጀመረው። አልበሙ ከወጣ አሥራ አራት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1967፣ በዊስኮንሰን በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። በሕይወቱ እያለ ብቻውን ዘፍኖ ያወጣው የመጨረሻው የስቱዲዮ አልበም ይህ ነው።

የኒና ሲሞንም ዋይልድ ኢዝ ዘ ዊንድ ከዝርዝሩ ቀርቷል። አልበም አንድ ሐሳብ ሊኖረው ይገባል የሚለውን የጸሐፊውን መስፈርት ብወስድ፣ በእርግጥ ይህ ከቀደሙ ቀረጻዎች የተሰበሰበ ነው። ግን ፎር ውሜን አለበት። አራት ጥቁር ሴቶች አንድ በአንድ ይቆማሉ፣ ቆዳቸውንና ጸጉራቸውን ይናገራሉ፣ ስማቸውን ይጠራሉ። የመጨረሻዋ ስሟን ስትጠራ ጩኸት ነው። ኒና ራሷ የጻፈችው ነው፤ አንዳንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች አናስተላልፍም ብለውት ነበር። በርዕሱ ዘፈን ደግሞ ፒያኖውን ነፋስ አድርጋ ሰባት ደቂቃ ያህል ታቆየናለች። አንድ ሐሳብ ከዚህ በላይ ምን ሊሆን ነው?

ጃዝ ሌላ ዘርፍ ነው የሚለውን ብቀበለው እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን አሥራ አንድ ሙዚቀኞች ሰብስቦ የሠራው አሴንሽን፣ የሲሲል ቴይለር ዩኒት ስትራክቸርስ፣ የዌይን ሾርተር ስፒክ ኖ ኢቭል፣ ሁሉም በ1966 ወጥተው በዚህ ሕግ ከቀሩ፣ ጋሽ ሙላቱ በየትኛው በር ገቡ? በቦስተን በርክሊ ጃዝ ያጠኑ፣ ቫይብራፎን የሚጫወቱ ሰው ናቸው።

ሁለተኛ ያደረጓቸው ኢትዮ ጃዝ በዚያ ሸክላ ሙሉ ሆኖ ስለተወለደ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ነገር ሸክላዎቹ ሁለት ናቸው፤ አፍሮ ላቲን ሶል ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት፣ ሁለቱም በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ወርዚ በተባለ አነስተኛ አሳታሚ የወጡ። ጸሐፊው የትኛውን እንደሚሉ አልለዩም። ባንዱ የኢትዮጵያ ኩዊንቴት ቢባልም ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ የኒውዮርክ ፖርቶ ሪካውያን ነበሩ፤ ከዜማዎቹም ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ የላቲን ጭፈራዎች፣ ቻቻና ቡጋሉ ናቸው። በላያቸው ላይ የእኛ ቅኝት ሲዘረጋ የሚሰማው ጥቂት ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ግን ያምራል። መስከረም ሲጠባ በኮንጋ ከበሮ ላይ ሲሄድ አደይ አበባው ሀርለም የበቀለ ይመስላል። አይ ፋራም ላይ የኢትዮጵያ የጀግና ዜማ በስፓንኛ ሲዘፈን መስማት ዛሬም ያስደንቀኛል።

ግን ገና ፍለጋ ነው። ጋሽ ሙላቱ የፈለጉትን ያገኙት በ1972 በሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ተመልሰው በአምሃ ሪከርድስ ባወጡት ሥራ ነው። የ1966ቱን ሙሉ ነው ማለት ከዚያ በኋላ የሠሩትን ስድስት ዓመት መናቅ ይሆናል። የእኛ ስለሆኑ ከፍ ማድረግም ውለታ አይደለም፤ ከኮልትሬን ጋር በአንድ ሚዛን ተቀምጠው ያገኙት ስምንተኛነት፣ ኮልትሬን ከተባረረ በኋላ ከተሰጠ ሁለተኛነት ይበልጥብኛል።

የእኔ እንግዲህ እንዲህ ነው። አንደኛ ኦቲስ። ሁለተኛ ፔት ሳውንድስ፣ ሦስተኛ ሪቮልቨር ከአሥራ አራት ዘፈኖቹ ጋር፣ አራተኛ ብሎንድ ኦን ብሎንድ። አምስተኛ ኒና ሲሞን። ስድስተኛ ስፒክ ኖ ኢቭል፤ የተቀረጸው በ1964 መጨረሻ ቢሆንም የወጣው በ1966 ስለሆነ አስገብቼዋለሁ። ሰባተኛ የበርድስ ፊፍዝ ዳይሜንሽን፣ ኤይት ማይልስ ሃይ ላይ ጊታሩ ኮልትሬንን ለመምሰል ስለሚታገል። ስምንተኛ አፍሮ ላቲን ሶል፣ ቁጥር አንድ። ዘጠነኛ የኪንክስ ፌስ ቱ ፌስ። አሥረኛ አፍተርማዝ፣ የእንግሊዙ እትም፣ ፔይንት ኢት ብላክ ሳይኖርበት።